ስፖኪዮው የት ይሄዳል? የባሕር ዳር የቤት መኪናና የሌባ ስሌት

ባሕር ዳር ውስጥ «የእገሌ መኪና ተሰረቀ» የሚል ወሬ ሲሰማ ጠጋ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። አንዳንዴ የተሰረቀው ስፖኪዮ ብቻ ነው። አንዳንዴ ከኋላ ወንበር ላይ የተተወ ላፕቶፕ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሌባ የሚባለው ሰው ቁልፉን ከባለቤቱ እጅ የተቀበለ ተከራይ ሆኖ ይገኛል። ምክሩም እንደ ወሬው ተደበላልቋል። አንዱ «ጂፒኤስ አስገጥምና ተኛ» ይላል። ሌላው ቁልፉን በፎይል ጠቅልል ይላል። ሌላው «ምን ቸገረኝ፣ ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይጽናናል። ያለው ግን የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው።

ለአንዱ ስርቆት የሚበጀው መከላከያ ለሌላው ምንም ላይፈይድ ይችላል። ሌባው ግን በሁሉም ላይ የሚያሰላው ሁለት ነገር ነው። ስንት ደቂቃ አለኝ? ማን ይገዛኛል? አንድ መከላከያ ገንዘብ የሚወጣበት መሆን አለመሆኑን ለማወቅም እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይዞ ማየት ይበቃል።

## «ሌባ» የሚለው ቃል ስንቱን ይሸከማል?

መጀመሪያ መኪናው ውስጥ ያለ ዕቃ ይሰረቃል። ቦርሳ፣ ስልክ፣ ላፕቶፕ። ቀጥሎ የመኪናው አካል አለ። ስፖኪዮ፣ ፍሬቻ፣ የፊት መብራት፣ ባትሪ፣ ስኮርት ጎማ። ከማርሚታው መስመር ላይ የሚቆረጠው ካታሊስትም እዚህ ውስጥ ይገባል። ካታሊስት የሞተሩን ጭስ የሚያጣራው ክፍል ነው። ውስጡ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም የሚባሉ ውድ ማዕድናት ስላሉ ነው የሚፈለገው። በመጨረሻ መኪናው ራሱ ከነነፍሱ ይጠፋል።

ይሄ የመጨረሻው ደግሞ ሁለት መልክ አለው። ቁልፍ ሰብሮ የወሰደ አለ። ቁልፉን በሰላም ተቀብሎ የሄደም አለ። ለሰርግ የተከራየ ሰው፣ ሹፌር፣ «ነገ እመልሳለሁ» ያለ ወዳጅ። እንዲህ ያለው ሰው መኪናውን በሐሰተኛ ሊብሬ ወይም በሐሰተኛ ውክልና ሊሸጠው፣ በመያዣ ሰጥቶ ገንዘብ ሊበደርበትም ይችላል።

በሰፈር ወሬ ሁለቱም ሌባ ናቸው። በሕግ ግን ይለያያሉ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 አስቀምጧል። በእምነት የተረከቡትን ንብረት የራስ ማድረግ ደግሞ እምነት ማጉደል ነው፤ አንቀጽ 675። ልዩነቱ የጠበቆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ኢንሹራንስ ቢሮ በር ላይ ሲደረስ ግን ጨዋታ አይደለም። ውሉ ስርቆትን ሸፍኖ እምነት ማጉደልን ሊተው ይችላልና። መኪናውን አልፎ አልፎ የሚያከራይ ቤተሰብ ይህቺን መስመር ውሉ ላይ ፈልጎ ማንበብ ያለበት ከማከራየቱ በፊት ነው።

## ሐይቁ አንዱን በር ዘግቷል

ሙሉ መኪና መስረቅ ባሕር ዳር ላይ ቀላል ሥራ አይደለም። ምክንያቱ ካርታው ላይ ይታያል። በሰሜን በኩል ጣና አለ። በጣና በኩል በመኪና የሚወጣ የለም። የሚቀሩት ዋና መንገዶች ጥቂት ናቸው። በዓባይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ ወረታና ጎንደር፣ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላና ደብረ ማርቆስ፣ በአዴት በኩል ወደ ሞጣ። በግንቦት 2016 የተመረቀው 380 ሜትር ርዝመት ያለው አዲሱ ድልድይም መሻገሪያውን አሰፋው እንጂ መውጫ አልጨመረም። በእነዚህ መንገዶች ላይ ደግሞ ኬላ ያጋጥማል፤ የጸጥታው ሁኔታ ፍተሻውን አጥብቆታል። ታርጋና ሊብሬ የማይስማማለት መኪና ይዞ በዚያ ማለፍ ድፍረት ይጠይቃል።

ስፖኪዮ ግን ኬላ አያውቅም። በፌስታል ተይዞ በባጃጅ ይሄዳል። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ የማን መኪና እንደነበረ የሚናገር ምልክት የለውም።

ስለዚህ የአንድ ተራ ቤተሰብ የዕለት ተዕለት ስጋት የአካልና የዕቃ ስርቆት ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል። ገንዘባችን ግን በአብዛኛው የሚሄደው ሙሉ መኪናውን ለመጠበቅ ነው። ይህን የሚቃወም ሐሳብ አለ፤ ተገቢም ነው። ስፖኪዮ ቢጠፋ ወር ያስቸግራል፣ መኪናው ቢጠፋ ግን ቤት ይፈርሳል፤ ትልቁን ኪሳራ መከላከል ይቀድማል የሚል ነው። እውነት ነው። ጥያቄው ግን ለትልቁ የተገዛው ዕቃ ትንሹንም የሚከላከል መስሎን መዘናጋታችን ላይ ነው።

## ጀልባው ሰዓቱን ይናገራል

ሌባ ከምንም በላይ ማወቅ የሚፈልገው ባለቤቱ መቼ እንደሚመለስ ነው። ጣና ዳር ይህን ማወቅ ጥበብ አይጠይቅም። ቤተሰብ መኪናውን ወደብ አጠገብ አቁሞ ወደ ዘጌ በጀልባ ሲሳፈር ሁሉም ሰው ያያል። መሄጃው ብቻ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ሥዕሉን አይቶ፣ ቡና ጠጥቶ ለመመለስ ግማሽ ቀን ያልቃል። በመካከል «ቁልፌን ረሳሁ» ብሎ የሚመለስ የለም። ባለቤቱ ውኃ ላይ ነው።

ሌሎችም እንዲህ የታወቁ ሰዓቶች አሉ። የእሑድ ቅዳሴ፣ የጥምቀት ዋዜማ፣ የሰርግ አዳራሽ ምሳ፣ የሆስፒታል ጥየቃ። ቅዳሜ ገበያ ግን የተለየ ነው። እዚያ ባለቤቱ መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ግርግሩ ግን ሽፋን ይሆናል። አንዱ «ጎማህ ተንፍሷል» ወይም «ዘይት እየፈሰሰህ ነው» ይላል። ሹፌሩ ወርዶ ሲያጎነብስ ሌላው በማዶ በኩል በር ከፍቶ ቦርሳውን ያነሳል። ለዚህ ማታለያ መድኃኒቱ ሳይወርዱ መቆለፍ ነው፤ ወይም ትንሽ ነድቶ ሰው ያለበት ዘንድ ቆሞ ማየት።

የአየሩ ነገርም አለበት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት መኪና ውስጡ እንደ ምድጃ ይሆናል። ሰው ዛፍ ጥላ ሥር ያቆምና መስተዋቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። ያቺ ሁለት ጣት ሽቦ ታስገባለች። ክረምት ላይ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮ ሲደበድብ የአላርሙን ጩኸት የሚሰማ የለም። መብራት የጠፋ ዕለት ያው ነው።

የሪሞት ቁልፍ የያዘም ሰው አንድ ነገር ማወቅ ይገባዋል። ሪሞቱ በሬዲዮ ሞገድ ነው የሚሠራው። በዚያው ሞገድ ላይ የሚረብሽ ትንሽ መሣሪያ በአቅራቢያ ካለ ቁልፉ ሲጫን መኪናው ትእዛዙን አይሰማም። ባለቤቱ ቆለፍኩ ብሎ ይሄዳል። የበሩን እጀታ ሳብ አድርጎ ማየት ሁለት ሰከንድ አይፈጅም።

## ገዢው ከየት መጣ?

አሮጌ የፊት መብራት ለምን ይሰረቃል? አዲሱ ስለተወደደ ነው። ለዚህ ሁለት ምክንያት ጎልቶ ይታያል። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫ ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው።

የሁለቱ ድምር ውጤት ለመገመት አይከብድም። ከተማው ውስጥ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ገና ለብዙ ዓመት ይነዳሉ። ያረጃሉ፣ ይጋጫሉ፣ መብራት ይሰብራሉ። የአዲሱ ዕቃ ዋጋ ሲሰማ ሰው «ያገለገለ የለም ወይ?» ይላል። ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር አይደለም። አብዛኛው ከተጋጨ መኪና ተፈትቶ የመጣ ነው። የተሰረቀውም ግን የሚደበቀው እዚሁ መካከል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ «ስፖኪዮህ ከጠፋ ሶማሌ ተራ ሄደህ ራስህ ግዛው» የሚል የቆየ ቀልድ አለ። ቀልዱ በዚያ የመለዋወጫ ተራ ባለው ሐቀኛ ነጋዴ ላይ ይከፋል፤ ነገር ግን የገበያውን ጠባይ በትክክል ይገልጻል። ከወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ የገዛ ሰው በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ይጠየቃል። ዕቃው ላይ ምንም ምልክት ከሌለ ግን «አላወቅሁም» የሚለውን ማን ያፈርሰዋል?

በመስተዋትና በመብራት ላይ ቁጥር ማስቀረጽ ጥቅሙ እዚህ ጋ ይታያል። ቁጥር የተቀረጸበትን ስፖኪዮ መንቀል አይከብድም። መሸጥ ግን ይከብዳል። ገዢውም ላይ ጥያቄ ይመጣበታል። አንዳንዱ ባለመኪና «መልኩን ያበላሻል፣ ስሸጠው ዋጋ ይቀንስብኛል» ይላል። ትክክል ነው፤ ለሌባውም የሚቀንስበት በዚያው ምክንያት ነው። ለማስቀረጽ የወሰነ ሰው ከታርጋው ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩን የመጨረሻ አሃዞች ቢያስቀርጽ ይሻላል። ሻንሲ ቁጥር ከመኪናው አካል ጋር የተመታ ቁጥር ስለሆነ ታርጋ ቢቀየርም አብሮ አይቀየርም።

ስፖኪዮውንና መብራቱን በብረት ማሳሰርም የተለመደ ነው። እሱ የሚሠራው በደቂቃ በኩል ነው። በቅጽበት የሚነቀለውን ነገር መፍቻ የሚጠይቅ ያደርገዋል። ስኮርት ጎማ ከሥር የሚንጠለጠልባቸው መኪኖች ላይ ሰንሰለትና ቁልፍ ማድረግም ያው ነው።

## ቴክኖሎጂው ምን ይከላከላል?

ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነገር ብዙ ሰው ከአላርም ጋር ያምታታዋል። አላርም ይጮሃል። ኢሞቢላይዘር ዝም ብሎ ሞተሩን ይከለክላል። ቁልፉ ራስ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለች፤ መኪናው ኮዷን ካላነበበ ሞተሩ አይነሳም። የቁልፉ ጥርስ ቢገጥምም አይነሳም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ1998 እ.ኤ.አ. ለአዲስ መኪኖች ግዴታ አድርገውታል።

እሱ ሲጎድል ምን እንደሚሆን አሜሪካ አሳይታለች። ከ2011 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ብዙ የሂዩንዳይና የኪያ ሞዴሎች እዚያ ያለ ኢሞቢላይዘር ተሸጡ። ኋላ ወጣቶች መሪው ሥር ያለውን ሽፋን ሰብረው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እንዴት እንደሚያስነሱ የሚያሳይ ቪዲዮ ተሰራጨ። ስርቆቱም ተከትሎ ናረ።

ባሕር ዳር ላይ ለሚነዱት አሮጌ መኪኖች ጥያቄው ይሄ ነው፦ የእኔ ኢሞቢላይዘር አለው ወይስ የለውም? ጎበዝ የመኪና ኤሌክትሪሺያን አይቶ ይናገራል። ከሌለው ድብቅ ማብሪያ ማጥፊያ ማስገጠም ይቻላል። የነዳጅ ፓምፑን ወይም የማስነሻውን መስመር የምትቆርጥ ትንሽ ስዊች ናት። ዋጋዋ ከብዙ ዘመናዊ ዕቃ ያነሰ ነው። ጥንካሬዋ ባለመታወቋ ላይ ስለሆነ ስዊቿ የት እንዳለች መኪና አጣቢው የሚያውቅ ከሆነ ግን አለች ማለት አይቻልም። ከእሷ ጋር የመሪ መቆለፊያ ብረት ቢጨመር ሌባው በመስተዋት አይቶ ወደ ሌላ መኪና የመሄድ ዕድሉ ይሰፋል። ይህ ለጎረቤት መኪና ጥሩ ዜና አይደለም።

የፎይሉ ምክር ለማን ነው? ቁልፍ ሳይዞር አዝራር በመጫን፣ ማለትም በፑሽ ስታርት ለሚነሱ መኪኖች ነው። ሁለት ሌቦች፣ አንዱ ከቤቱ በር አጠገብ አንዱ ከመኪናው አጠገብ ሆነው፣ ቤት ውስጥ ያለውን ቁልፍ ሞገድ በመሣሪያ እስከ መኪናው ያደርሱታል። መኪናው ባለቤቱ አጠገቡ የቆመ ይመስለዋል። ፎይል ይህን ሊከላከል ይችላል። ቁልፉን አስገብቶ በእጅ የሚያዞር ሰው ግን ፎይሉን ለምግብ ቢጠቀምበት ይሻለዋል። አዳዲሶቹም ቢሆኑ ሌላ ቀዳዳ አላቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ኢያን ታቦር የተባለ የመኪና ሳይበር ደኅንነት ተመራማሪ የራሱ ቶዮታ ራቭ4 ተሰረቀበት። ሌቦቹ በፊት መብራቱ ገመድ በኩል ከመኪናው ውስጣዊ ኔትወርክ ጋር ተገናኝተው፣ ቁልፉ አለ የሚል የሐሰት መልእክት ልከው ነበር። ቁልፉን ፎይል ውስጥ ማስቀመጥ እዚህ ላይ ምንም አያደርግም።

ጂፒኤስ መከታተያ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ብዙ እምነት የተጣለበት እሱ ላይ ነውና። መሣሪያው ያለበትን ቦታ ከሳተላይት ይቀበላል። ለባለቤቱ የሚነግረው ግን ውስጡ ባለው ሲም ካርድ፣ በሞባይል ኔትወርክ ነው። ሳተላይቱ ቢሠራም ኔትወርኩ ከተቋረጠ ዲዳ ይሆናል። በ2015 ክረምት ክልሉ ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ መከታተያ ሁሉ ዕጣው ይኸው ነበር። ስለዚህ የሚገዛ ሰው «በኤስኤምኤስም ይልካል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። የራሱ ትንሽ ባትሪ እንዳለውም ይጠይቅ፤ አለበለዚያ የመኪናው ባትሪ ሲነቀል አብሮ ይሞታል። ሲሙ ላይ ሂሳብ መሙላት የሚረሳም ብዙ ነው። ደግሞም ጂፒኤስ መኪና ከተወሰደ በኋላ ይፈልጋል እንጂ ስፖኪዮ አይጠብቅም።

## ጠባቂው አደራ ተቀብሏል ወይስ ቦታ አከራይቷል?

መንገድ ዳር መኪና ሲቆም ወጣት መጥቶ ቲኬት ይቆርጣል። የከፈለው ሰው መኪናው እየተጠበቀለት እንደሆነ ያምናል። ወጣቱ ደግሞ የተከፈለው ለቦታው ነው ሊል ይችላል። ሁለቱም በቅን ልብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አደራን እንደ ውል ያውቀዋል፤ የተረከበ ሰው ዕቃውን ጠብቆ መመለስ አለበት። ክርክሩ ርክክብ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ላይ ነው። መንገድ ዳር፣ ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ሆኖ፣ ለሃያ ደቂቃ የቆመ መኪና ላይ አደራ ነበር ማለት ይከብዳል።

የማታ ማደሪያ ግቢ ግን ሌላ ነው። መኪና የሚያስገባ በር በሌለው ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። በወር እየከፈለ መኪናውን ሌላ ግቢ ያሳድራል። በሩ ይዘጋል፣ ዘበኛ አለ፣ ክፍያው ለማደር ነው። ይህ ወደ አደራ ይጠጋል። «ለሚጠፋ ንብረት ኃላፊነት አንወስድም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳው ላይ መለጠፉ ብቻ ነገሩን የሚዘጋው አይመስልም። የግቢው ባለቤቶች ግን መልስ አላቸው። በዚህ ዋጋ ሙሉ ኃላፊነት ውሰዱ ከተባለ ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል፣ ወይ ግቢው ይዘጋል ይላሉ። ሒሳባቸው ውሸት አይደለም። መካከለኛው መንገድ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ታርጋው፣ የመግቢያና መውጫ ሰዓቱ፣ ሲገባ የነበረው ሁኔታ፣ የሁለቱ ፊርማ።

የሚዘነጋው ደግሞ የቁልፉ ነገር ነው። በተጣበበ ግቢ ውስጥ ጠዋት መኪና ለማንቀሳቀስ ቁልፍ ዘበኛው ክፍል ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ኢሞቢላይዘሩም፣ አላርሙም፣ ፑሽ ስታርቱም በዚያች ሚስማር ይሻራሉ። ድብቋ ስዊች ብቻ ትቀራለች፤ እሷም ዘበኛው መኪናውን እንዲያንቀሳቅስ ሲባል ካልተነገረችው ነው።

## «ኢንሹራንስ አለኝ»

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ማንኛውም መኪና የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል። ይህ መድን መኪናው በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ነው። መኪናው ቢሰረቅ አንድ ብር አይከፍልም። ስርቆትን የሚሸፍነው በፈቃደኝነት የሚገባው ሙሉ ሽፋን፣ በኢንሹራንስ ቋንቋ ኮምፕርሄንሲቭ የሚባለው ነው።

እሱም ቢሆን የሚነበብ ነው። መኪናው ሳይጠፋ ተነቅሎ የተወሰደ አካል ብዙ ጊዜ በተጨማሪ ክፍያ ካልሆነ አይካተትም። በሽፍታ፣ በወንበዴና በደፈጣ ተዋጊ ለሚደርስ ጉዳትም በተጨማሪ ክፍያ የሚገባ ሽፋን አለ። ከከተማ ውጭ ለሚነዳ ሰው የስርቆት ሽፋኑና ይሄኛው የሚገናኙበትን ድንበር መጠየቅ ዛሬ ቅንጦት አይደለም።

ትልቁ ወጥመድ ግን የተመዘገበው ዋጋ ነው። መኪናው ከአምስት ዓመት በፊት 1,000,000 ብር ተብሎ ተመዘገበ እንበል። ዛሬ ገበያው 2,000,000 ብር ነው። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ መድን ሰጪው ከተመዘገበው በላይ አይከፍልም። ሌቦች በሩን ሰብረው የ100,000 ብር ጉዳት ቢያደርሱም ባለቤቱ ግማሹን መድን እንዳልገባ ተቆጥሮ 50,000 ብር ብቻ ሊደርሰው ይችላል። ዓረቦን፣ ማለትም የመድን ክፍያውን፣ ላለመጨመር ሲባል ዋጋውን ሳያሳድስ የሚያልፍ ሰው የሚቆጥበውን ከዚህ ጋር ማመዛዘን አለበት።

ስርቆት ሲደርስ ፖሊስ ጣቢያ ማመልከት የሚቀድመው ለዚህም ነው። ያለ ፖሊስ ማስረጃ መድን ሰጪው ፋይል አይከፍትም። የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ የሊብሬው ፎቶ፣ የተቀረጸው ቁጥር ስልክ ላይ ካሉ ማመልከቻው ያጥራል። ዋናው ሊብሬ መኪናው ኪስ ውስጥ የሚያድር ከሆነ ግን ሌባው መኪናውን ከነሠነዱ ወሰደ ማለት ነው።

## የኤሌክትሪክ መኪናው ሲበዛ

የነዳጅ መኪና መግባቱ ከቆመ ወዲህ ቢዋይዲና መሰሎቹ ባሕር ዳር ጎዳና ላይም ይታያሉ። ካታሊስት የላቸውም። ዋናው ባትሪያቸው በመቶዎች ኪሎ ስለሚመዝን ማታ ተሸክሞት የሚሄድ የለም። በዚህ በኩል ለሌባ የማይመቹ ናቸው።

ስፖኪዮ ግን አላቸው። አንዳንዱ ውስጡ ካሜራና ሴንሰር አለው፤ ሲጠፋ ከመስተዋት በላይ ነው የሚጠፋው። መለዋወጫቸው ገና እንደ ቶዮታው በየሱቁ የለም። ስለዚህ ዛሬ የተሰረቀውን የሚገዛ ጥቂት ነው። ቁጥራቸው ሲጨምር ገዢውም አብሮ ይመጣል። አንዳንዶቹ በስልክ መተግበሪያ ስለሚከፈቱ ስልክ የሰረቀ ሰው ቁልፍም የሰረቀ ይሆናል፤ የስልኩ መክፈቻ ቁጥር የልደት ዓመት ከሆነ በተለይ።

የቻርጅ ገመዱም አለ። ውስጡ መዳብ ነው፣ መዳብ ደግሞ በኪሎ ይሸጣል። ብዙ መኪኖች ቻርጅ ሲያደርጉ የገመዱን ጫፍ በራሳቸው በኩል ይቆልፉታል። በሶኬቱ በኩል ያለው ጫፍ ግን ክፍት ነው፣ መካከሉም ይቆረጣል። በመስኮት አውጥቶ በተጎተተ ገመድ መንገድ ላይ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ገመዱን ደጅ እያሳደረ ነው።